ደም የሚወለድበት ሰፈር፦ መቅኔያችን ውስጥ ማን ምን ይሠራል?

ገንዘብ የማይበረክትለትን ሰው «መቅኖ ቢስ» እንለዋለን። ብዙ ተደክሞበት ፍሬ ያጣ ሥራም «መቅኖ የለውም» ይባላል። መቅኖ ከመቅኔ ጋር ያለው ቅርበት ለጆሮ ግልጽ ነው። አነጋገሩን ያመጡት ሰዎች ሴል የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ግን ልክ ተናግረዋል። አጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ ከሌለ ደም አይበረክትም።

ቁጥሩን እንየው። ጤነኛ አዋቂ ሰው በየሰከንዱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቀይ የደም ሴሎችን ያመርታል። በቀን ሲሰላ 200 ቢሊዮን ገደማ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች በቀን 100 ቢሊዮን ያህል ይመረታሉ። ኢንፌክሽን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎችም በየቀኑ በቢሊዮኖች ይወለዳሉ። ይህ ሁሉ ሥራ ሲሠራ ምንም አይሰማንም።

ስለ ደም ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሴሉ ብቻ ነው። ሴሉ አነሰ፣ ሴሉ በዛ፣ ሴሉ ታመመ ይባላል። ሴሉ ያደገበት ሰፈር ይረሳል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰፈር ነው። አንድ የደም ሴል ይተኛ ወይስ ይባዛ፣ ቀይ ይሁን ወይስ ነጭ፣ አጥንት ውስጥ ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለውን ለብቻው አይወስንም። ጎረቤቶቹ አብረውት ይወስናሉ።

## መቅኔ ምንድን ነው? የትስ ይገኛል?

መቅኔ በአጥንት ውስጥ ያለውን ክፍት ቦታ የሚሞላ ለስላሳ አካል ነው። ሁለት መልክ አለው። ቀዩ ደም ያመርታል። ቢጫው በአብዛኛው ስብ ነው።

ሕፃን ሲወለድ አጥንቶቹ በሙሉ ማለት ይቻላል በቀይ መቅኔ የተሞሉ ናቸው። እያደገ ሲሄድ በረጃጅሞቹ የእጅና የእግር አጥንቶች ውስጥ ያለው ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ይለወጣል። አዋቂ ሰው ላይ ቀዩ መቅኔ የሚቀረው በዳሌ፣ በአከርካሪ፣ በደረትና በጎን አጥንቶች፣ በራስ ቅል፣ እንዲሁም በጭንና በላይኛው ክንድ አጥንቶች ጫፍ ላይ ነው። የመቅኔ ናሙና ብዙውን ጊዜ ከዳሌ አጥንት የሚወሰደውም ለዚህ ነው። ከሕብለ ሰረሰር የሚቀዳ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ሕብለ ሰረሰር ግን በአከርካሪው መሃል የሚያልፍ የነርቭ ገመድ ነው። ከመቅኔ ጋር አንድ አይደለም።

ደም መቅኔ ውስጥ እንደሚመረት የታወቀው በ1868 ነው። ጀርመናዊው ኧርንስት ኖይማንና ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ በየፊናቸው መቅኔን በማይክሮስኮፕ አይተው፣ እዚያ ያሉት ያልበሰሉ ሴሎች የደም ሴሎች ወላጆች እንደሆኑ ጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኋላ እንመለስበታለን። ደማችን ከመጀመሪያው መቅኔ ውስጥ አልተወለደም። ፅንስ ሳለን የመጀመሪያዎቹ የደም ሴሎች የሚፈጠሩት ከፅንሱ ጋር በተያያዘች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው። ቀጥሎ ጉበት ሥራውን ይረከባል። ወደ መቅኔ የሚገባው ቆይቶ ነው። የደም ሴል ከጅምሩ ሰፈር ቀያሪ ነው ማለት ነው።

## ሁሉም የደም ሴሎች ከአንድ ወላጅ ነው የሚመጡት?

አዎ። የሁሉም ምንጭ «ስቴም ሴል» ይባላል፤ ግንድ ሴል ልንለው እንችላለን። ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ እንደሚወጣው፣ ከአንድ ስቴም ሴል ቀይ ሴል፣ ነጭ ሴልና ፕሌትሌት ይወጣሉ። ስቴም ሴልን ልዩ የሚያደርገው ሁለት ችሎታ ነው። ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ይችላል። ራሱን የመሰለ ሌላ ስቴም ሴልም መውለድ ይችላል። ሁለተኛው ባይኖር ግንዱ በአንድ ትውልድ ያልቅ ነበር።

ለዚህ የመጀመሪያውን ጠንካራ ማስረጃ ያቀረቡት ካናዳ፣ ቶሮንቶ የነበሩት ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማካሎክ ናቸው። ጊዜው 1961 ነው። የአይጦችን መቅኔ በጨረር ገደሉና ከሌላ አይጥ የመቅኔ ሴሎችን ወጉላቸው። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ጣፊያቸው ላይ ትናንሽ እብጠቶች ወጡ። እያንዳንዱ እብጠት የደም ሴሎች መንደር ነበር። መንደሩም ከአንዲት ሴል የተነሳ መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ።

አንድ አዋቂ ሰው ውስጥ ደም የሚያመርቱት ስቴም ሴሎች ከ50 ሺህ እስከ 200 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል። በቀን በመቶ ቢሊዮኖች ለሚቆጠር ምርት ይህ እጅግ ትንሽ ቁጥር ነው። ደግሞም አብዛኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተዋል። አንድ ስቴም ሴል በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ቢከፈል ነው። ከባዱን የማባዛት ሥራ የሚሠሩት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ናቸው። ለምን ይተኛል? ሴል በተከፈለ ቁጥር ዘረ መሉን መገልበጥ አለበት። መገልበጥ ደግሞ ስሕተት ያመጣል። ዋናው ቅጂ በካዝና ተቀምጦ ሥራ የሚሠራው በግልባጩ ነው እንደማለት ነው።

ታዲያ ካዝናውን የሚጠብቀው ማነው?

## ችግሩ ከዘሩ ነው ወይስ ከመሬቱ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚያስደንቀኝ የሁለት አይጦች ጉዳይ ነው። ስለ መቅኔ ሰፈር ሌላ ምንም ባታስታውሱ ይህን አስታውሱ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተመራማሪዎች ሁለት የአይጥ ዝርያዎች ነበሯቸው። ሁለቱም በዘር የሚወረስ ችግር ነበረባቸው። ሁለቱም ደም ያንሳቸዋል። የሁለቱም ፀጉር ቀለም ያጣ ነው። ሁለቱም ለመውለድ ይቸገራሉ። ለዓይን አንድ በሽታ ነው የሚመስለው። አንደኛው ዝርያ «ደብልዩ»፣ ሁለተኛው «ስቲል» ይባላል።

ደብልዩ አይጥ ከጤነኛ አይጥ መቅኔ ሲሰጠው ዳነ። ደሙ ተስተካከለ። በዚህ ዓይነት ሥራ ቀዳሚ ከነበሩት አንዷ በአሜሪካ ሜይን ግዛት በሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ የሠራችው ኤልዛቤት ራስል ናት። ስቲል አይጥም ያው ሕክምና ተሰጠው። ጤነኛ መቅኔ ገባለት። አልዳነም።

ይበልጥ የሚገርመው ተቃራኒው ሙከራ ነው። የታመመው ስቲል አይጥ መቅኔ ተወስዶ ለታመመው ደብልዩ ተሰጠ። ደብልዩ ዳነ! የበሽተኛ መቅኔ ሌላውን በሽተኛ አዳነ።

ምን ማለት ነው? የደብልዩ ችግር ዘሩ ላይ ነበር። ሴሎቹ ራሳቸው ጉድለት አለባቸው፤ መሬቱ ግን ደኅና ነው። የስቲል ተቃራኒ ነው። ዘሩ ጤነኛ ነው፣ መሬቱ ግን አያበቅልም። የፈለጉትን ያህል ምርጥ ዘር ቢበትኑበት አይይዝም።

ምክንያቱ በሞለኪውል ደረጃ የታወቀው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990 ነው። ስቴም ሴል በገላው ላይ «ኪት» የሚባል መቀበያ አለው። በሰፈሩ ያሉ ጎረቤት ሴሎች ደግሞ ለዚህ መቀበያ ልክ የሆነ ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ስሙ በአጭሩ «ኤስሲኤፍ» ነው። ኪት ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ ኤስሲኤፍ ቁልፉ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ስቴም ሴሉ «በሕይወት ቆይ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ደብልዩ ቀዳዳው ተበላሽቶበታል። ስቲል ቁልፉን አጥቷል። የፀጉር ቀለም የሚሰጡት ሴሎችና የዘር ሴሎችም በዚሁ መልእክት ስለሚኖሩ ነው ሦስቱ ችግሮች አብረው የታዩት።

## «ሰፈር» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ?

ቲልና ማካሎክ ጣፊያ ላይ ያዩዋቸው መንደሮች አንድ እንቆቅልሽ ነበረባቸው። መንደሩን የመሠረቱት ሴሎች ከመቅኔ እንደተወሰዱ ስቴም ሴሎች ብርቱ አልነበሩም። ራሳቸውን የመተካት አቅማቸው ደካማ ነበር። እንግሊዛዊው ሬይ ስኮፊልድ በ1978 አንድ ማብራሪያ አቀረበ። ስቴም ሴል ስቴም ሴል ሆኖ የሚቆየው መቅኔ ውስጥ የተለየ ቦታ ይዞ ሲቀመጥ ነው አለ። ከዚያ ቦታ ከወጣ ብስለት ይጀምራል፣ ግንድነቱን ያጣል። ቦታውን «ኒሽ» ብሎ ጠራው። እኔ ሰፈር እለዋለሁ፤ ቦታውንም ጎረቤቶቹንም አንድ ላይ የሚይዝልን ቃል እሱ ይመስለኛል።

በ1978 ይህ ሐሳብ ብቻ ነበር። ሰፈሩን በዓይኑ ያየ አልነበረም። አጥንት ጠንካራና በብርሃን የማይታለፍ ነገር ነው። ሕያው መቅኔን ሳያበላሹ ውስጡን ማየት ለብዙ ዓመታት አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ።

## ሰፈሩ ውስጥ ማን ማን አለ?

መጀመሪያ የተጠረጠሩት አጥንት ሠሪ ሴሎች ናቸው። በ2003 ሁለት የምርምር ቡድኖች አይጦች ላይ አጥንት ሠሪ ሴሎች ሲበዙ ስቴም ሴሎችም እንደሚበዙ አሳዩ። ለጥቂት ዓመታት «ሰፈሩ አጥንቱ ግድግዳ ላይ ነው» የሚለው መልስ ገነነ።

ቆይቶ ሥዕሉ ተለወጠ። በ2005 ስቴም ሴሎችን ለይቶ የሚያሳይ የተሻለ መንገድ ተገኘ። አብዛኞቹ ከአጥንቱ ግድግዳ ይልቅ ከደም ሥር አጠገብ ሆነው ታዩ። እነዚህ የደም ሥሮች ሰፊና ስስ ግድግዳ ያላቸው፣ ሴል ሊሾልክባቸው የሚችል ናቸው። በ2012 ደግሞ ቁርጥ ያለ ሙከራ መጣ። ኤስሲኤፍን ከአጥንት ሠሪ ሴሎች ብቻ ሲያጠፉት ስቴም ሴሎቹ ምንም አልሆኑም። ከደም ሥሩ ግድግዳና ግድግዳውን ከከበቡት ሴሎች ሲያጠፉት ግን ስቴም ሴሎቹ መነመኑ። አጥንት ሠሪዎቹ ከጨዋታ ውጪ ሆኑ ማለት አይደለም። በብስለት መንገድ ላይ ላሉ አንዳንድ ሴሎች ዛሬም አስፈላጊ ናቸው። የግንዱ ዋና ጎረቤት ግን የደም ሥር ነው።

በደም ሥሩ ዙሪያ ያሉት ሴሎች ረጃጅም ክንድ አላቸው። መረብ ሠርተው መቅኔውን ያያይዙታል። ኤስሲኤፍን ብቻ አይደለም የሚሠሩት። «ሲኤክስሲኤል 12» የሚባል ሌላ ፕሮቲንም በብዛት ይረጫሉ። ይህኛው ሥራው መሳብ ነው። ስቴም ሴል ሽታውን ተከትሎ ይመጣል፣ ከመጣም በኋላ ይዞት ይቆያል። እንደ መልሕቅ አስቡት። ለሰውነት መከላከያ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት ቢ ሴሎችም ልጅነታቸውን የሚያሳልፉት እዚሁ መረብ ውስጥ ነው። ቲ ሴሎች ግን ገና በለጋነታቸው ሰፈር ይቀይራሉ። ደረት ውስጥ ወዳለችው ታይመስ ሄደው እዚያ ይማራሉ።

ጎረቤቱ ሴሉን ሲቀበል የታየው ዜብራፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ላይ ነው። ፅንሷ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጧ ይታያል። በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ስቴም ሴል መጥቶ ሲያርፍ የደም ሥሩ ግድግዳ ሴሎች ቅርጻቸውን ለውጠው ይከቡታል። ተመራማሪዎቹ «እቅፍ» አሉት። ሰፈሩ ዝም ብሎ እንግዳ የሚጠብቅ ባዶ ቤት አይደለም፤ እንግዳው ሲመጣ ተነስቶ ይቀበለዋል።

ነርቮችም የሰፈሩ ነዋሪዎች ናቸው። አይጦች ላይ እንደታየው፣ አንዳንድ ስቴም ሴሎች በየቀኑ ከመቅኔ ወጥተው በደም ውስጥ ይዘዋወራሉ። ቁጥራቸው በቀንና በሌሊት ይለያያል። ከአንጎል የሚመጣው የሰዓት መልእክት በነርቭ በኩል መቅኔ ይደርሳል፣ የሲኤክስሲኤል 12 መጠንም ከፍ ዝቅ ይላል። መልሕቁ ይላላል፣ ይጠብቃል። አይጦቹ ላይ መብራት ሳይጠፋ ሁልጊዜ ሲበራ ዑደቱ ተዛባ።

ስቡ ክፉ ነው ደግ? በ2009 የወጣ ጥናት የስብ ሴሎች የደም ምርትን እንደሚገቱ አሳየ። በ2017 ሌላ ጥናት ደግሞ በረጃጅም አጥንቶች ውስጥ ያሉ የስብ ሴሎች ኤስሲኤፍ እየሠሩ መቅኔው ከጨረር ጉዳት እንዲያገግም እንደሚረዱ አሳየ። እንደ አጥንቱና እንደ ጊዜው ይለያያል ማለት ነው።

የገዛ ልጆችም ወላጃቸውን ይጠብቃሉ። ፕሌትሌት የሚሠራው ሜጋካርዮሳይት የሚባል ግዙፍ ሴል ከደም ሥሩ አጠገብ ይቀመጣል። ክንዱን በግድግዳው አሾልኮ ወደ ውስጥ ይዘረጋል። የሚፈሰው ደም ክንዱን ይበጥሰዋል። ብጥስጣሹ ፕሌትሌት ነው። ከአንድ ሜጋካርዮሳይት ከ1 ሺህ በላይ ፕሌትሌቶች ይወጣሉ። ይኸው ሴል ግን ለስቴም ሴሉ «ተኛ» የሚል ምልክትም ይልካል።

## ቀይ የደም ሴል ሞግዚት አለው?

አለው። ፈረንሳዊው ማርሴል ቤሲስ በ1958 መቅኔ ውስጥ ያየው ይህን ነው። አንድ ትልቅ ሴል መሃል ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን ያልበሰሉ ቀይ ሴሎች ከበውታል። መሃል ያለው ማክሮፌጅ ይባላል፤ በላተኛ ሴል ነው። በሌላ ቦታ ጀርም ይውጣል። እዚህ ግን ልጆች ያሳድጋል።

ቀይ ሴል ሊበስል ሲል አስኳሉን ከውስጡ አውጥቶ ይጥላል። ይህም ኦክስጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን ቦታ ይሰጣል። የተጣለውን አስኳል ማክሮፌጁ ወዲያው ይውጠዋል። ይህ ተራ ጽዳት እንዳይመስላችሁ። የዋጡትን አስኳል ዲኤንኤ መፍጨት የማይችሉ ማክሮፌጆች ያሏቸው አይጦች ሳይወለዱ በከባድ ደም ማነስ ሞተዋል። የቀይ ሴሎቹ ዘር ደኅና ነበር። ሞግዚቱ ሥራውን መጨረስ አልቻለም።

## ሰውነት «ደም ጨምሩ» ሲል መቅኔ እንዴት ይሰማል?

ከሩቅ በሚመጣ መልእክት። ኩላሊት በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል። ሲያንስ ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ኢፒኦ በሚል አጭር ስም የምንሰማው ነው። ሴሎች የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቁ የደረሱበት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴመንዛ በ2019 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ሆርሞኑ መቅኔ ሲደርስ ዋና ሥራው ማዳን ነው። መቅኔ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ የቀይ ሴል ችግኝ ያፈላል። ሆርሞን ካላገኘ አብዛኛው ችግኝ ይሞታል። ሆርሞኑ ሲበዛ የሚተርፈው ይበዛል። ለዚህ ነው መቅኔ ከዜሮ ሳይጀምር ቶሎ ምርት መጨመር የሚችለው። የከረመ የኩላሊት በሽታ ደም ማነስ የሚያመጣውም ለዚህ ነው። መቅኔው አልታመመም፤ መልእክቱ ነው የቀረው።

ኢንፌክሽን ሲመጣ ሌላ ደወል ይደወላል። «ጂ-ሲኤስኤፍ» የሚባል ፕሮቲን ይጨምራል። ጀርም የሚዋጉት ኒውትሮፊሎች በፍጥነት ይመረታሉ። መልሕቁም ይላላና በመጋዘን የነበሩት ወደ ደም ይወጣሉ። ትኩሳት ያለበት ሰው ደሙ ሲመረመር ነጭ ሴሉ ከፍ ብሎ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሐኪሞች ይህንኑ ደወል ይጠቀሙበታል። ስቴም ሴል ለሚለግስ ሰው ጂ-ሲኤስኤፍ ለጥቂት ቀናት በመርፌ ይሰጠዋል። ስቴም ሴሎቹ ከሰፈራቸው ወጥተው ደም ውስጥ ይፈስሳሉ። ከዚያ ከክንድ ላይ በማሽን ይሰበሰባሉ። ፕሌሪክሳፎር የሚባል መድኃኒት ደግሞ መልሕቁን በቀጥታ ይቆርጣል። መጀመሪያ የተሠራው ለኤችአይቪ ነበር። በሙከራ ላይ ሳለ የወሰዱት ሰዎች ነጭ ሴል ሲጨምር ታየ። በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለስቴም ሴል መሰብሰቢያ ተፈቀደ።

## የተነቀለው መቅኔ ቤቱን እንዴት ያገኘዋል?

መቅኔ ንቅለ ተከላ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አጥንት ተከፍቶ ነው። አይከፈትም። የለጋሹ ሴሎች እንደ ደም በከረጢት ተንጠልጥለው በደም ሥር ይሰጣሉ። ሴሎቹ በመላ ሰውነት ይዞራሉ። ከዚያ ሲኤክስሲኤል 12ን ተከትለው መቅኔ ይገባሉ። አድራሻ የሰጣቸው የለም፤ ሰፈሩ ራሱ ጠርቷቸው ነው።

ከዚያ በፊት ታካሚው ጠንካራ ኬሞቴራፒ፣ አንዳንዴም ጨረር ይሰጠዋል። አንደኛው ዓላማ በሽታውን ማጥፋት ነው። ሌላው ቦታ ማስለቀቅ ነው። ያው ሕክምና ግን ሰፈሩንም ይጎዳል። የደም ሥሮቹ ይቆስላሉ። አዲሶቹ ሴሎች የሚገቡት እየተጠገነ ባለ ቤት ውስጥ ነው። የደም ቁጥሩ ማንሰራራት ለመጀመር ከ2 እስከ 4 ሳምንት የሚፈጀው ይህ ሁሉ ስላለ ነው። ይህን ሕክምና ለሰው ያበቃው አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ በ1990 ኖቤል ተሸልሟል።

ለጋሹ የሚሰጠው ያልቅበታል ብለው የሚሰጉ አሉ። አያልቅበትም። በጥቂት ሳምንታት ይተካል። መቅኔ መብላትስ መቅኔ ይሆናል? አይሆንም፤ እንደማንኛውም ምግብ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። ለደም ምርት የግድ የሚያስፈልጉት ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12ና ፎሌት ናቸው።

## ሰፈሩ ሲታመምስ?

ለረጅም ጊዜ የደም ካንሰር የሴሉ ችግር ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ2010 የወጣ የአይጥ ጥናት ይህን ሐሳብ ነቀነቀው። ተመራማሪዎቹ የደም ሴሎቹን አልነኩም። አጥንት ሠሪ ለመሆን በመንገድ ላይ ካሉት ሴሎች «ዳይሰር 1» የሚባል ጂን አጠፉ። የደም ሴሎቹ ቅርጻቸው ተበላሸ። ቁጥራቸው ወረደ። ጥቂቶቹ አይጦች ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ያዛቸው። የተበላሹት የደም ሴሎች ወደ ጤነኛ አይጥ ሲዛወሩ ደግሞ ተስተካከሉ። ይህ አይጥ ላይ የታየ ነው። በሰው ላይ አብዛኛው ሉኪሚያ የሚነሳው ከደም ሴሉ ዘረ መል ለውጥ ነው። ግን ሰፈሩ ንጹሕ ተመልካች እንዳልሆነ ታወቀ።

ሉኪሚያ ከያዘ በኋላም ሰፈሩን ለራሱ ይወስዳል። የካንሰር ሴሎች በዚያው መልሕቅ ይያዛሉ። ከኬሞ መድኃኒት ተሸሽገው የሚተርፉት አንዳንዶቹ እዚያው ተኝተው ነው። በሽታው ከዓመታት በኋላ የሚመለስበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የሰፈር መበላሸት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ማይሎፋይብሮሲስ በሚባለው በሽታ ነው። የታመሙ የደም ሴሎች፣ በተለይ ሜጋካርዮሳይቶች፣ ጎረቤቶቻቸውን ያስቆጣሉ። ጎረቤቶቹ ክር መሰል ነገር መትፋት ይጀምራሉ። መቅኔው ጠባሳ ይሆናል። ሐኪም በመርፌ ሊቀዳ ሲሞክር ምንም ሳይመጣለት ሊቀር ይችላል። ቦታ ያጡት ስቴም ሴሎች ይሰደዳሉ። ወዴት? ወደ ጣፊያና ወደ ጉበት። በፅንስነት ወደ ኖሩበት አሮጌ ቤት ይመለሳሉ። ጣፊያ በጣም ያብጣል። ታካሚው ጥቂት በልቶ የሚጠግበው ያበጠው ጣፊያ ሆዱን ስለሚጫነው ነው። በ2005 ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ «ጃክ 2» በሚባል ጂን ላይ ለውጥ እንዳለባቸው ታወቀ። ይህን መንገድ የሚገታ ሩክሶሊቲኒብ የተባለ መድኃኒት በ2011 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ጣፊያን ያሳንሳል፣ ስቃይን ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚደርስበት ግን ከዚህ ቀላሉ ነው። የከረመ የሰውነት ብግነት (ኢንፍላሜሽን) ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ደም ሊያንሰው ይችላል። ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያበዛል። ማክሮፌጆች ያላቸውን ብረት ቆልፈው ይይዛሉ። ብረት በሰውነት ውስጥ አለ፤ ቀይ ሴሉ ጋ አይደርስም። እንዲህ ያለ ደም ማነስ ላይ የብረት ክኒን ብቻ ብዙ ለውጥ ላያመጣ የሚችለው ለዚህ ነው። ደም ማነስ የተባለ ሁሉ «ብረት ውሰድ» በሚል ምክር መታለፉ ያሳዝነኛል። መጀመሪያ ምክንያቱ ይመርመር።

## ሰፈሩን ከሰውነት ውጪ መሥራት ይቻላል?

ስቴም ሴል ከመቅኔ ወጥቶ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ግንድነቱን ቶሎ ያጣል። ስኮፊልድ የተናገረውም ይህንኑ ነው። ከስኮፊልድ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1977፣ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ማይክል ዴክስተር አንድ መላ አግኝቶ ነበር። መጀመሪያ የመቅኔውን ጎረቤት ሴሎች ሳህን ላይ አነጠፈ። ከዚያ የደም ሴሎችን በላያቸው አደረገ። ለወራት ደም ሲመረት ቆየ።

በ2019 ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ሙጫ ውስጥ የሚገባ ፖሊቪኒል አልኮል የሚባል ተራ ኬሚካል የአይጥ ስቴም ሴሎችን ሳህን ላይ በመቶዎች እጥፍ ለማብዛት አስቻለ። የሰው ሴል ግን ከአይጥ ይልቅ አስቸጋሪ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም የሚጠቅመው ለጋሽ ላጡ ሰዎች ነው። ልጅ ሲወለድ እትብት ውስጥ የሚቀረው ደም ስቴም ሴል አለው። በ1988 ፓሪስ ውስጥ አንድ ልጅ በዚህ ደም ታክሟል። ችግሩ መጠኑ ነው። ከአንድ እትብት የሚገኘው ለአዋቂ ሰው ትንሽ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ገብቶ ሥራ እስኪጀምርም ይዘገያል። በ2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በላቦራቶሪ እንዲበዛ የተደረገ የእትብት ደም ፈቀደ። ስሙ ኦሚዱቢሴል ነው። ሴሎቹ ግንድነታቸውን ሳያጡ እንዲበዙ የሚረዳቸው የቫይታሚን ቢ3 አንዱ ዓይነት ነው። በሙከራው ላይ ባልበዛው የእትብት ደም የታከሙት ኒውትሮፊሎቻቸው እስኪመለሱ በመካከለኛ ግምት 22 ቀን ጠበቁ። በበዛው የታከሙት 12 ቀን። ያለ መከላከያ ለተኛ ታካሚ እያንዳንዱ ቀን የኢንፌክሽን ቀን ነው። 10ሩ ቀን ቀረለት።